የሸሬት መንገድ ጎረቤቶች፦ መስቀለኛ መንገድ የሰፈር አደባባይ የሆነበት ጉዳይ

ሴልውድ በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ፣ በዊላሜት ወንዝ ዳር የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ቀድሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ከተማ ነበር፤ ከፖርትላንድ ጋር የተቀላቀለው በ1893 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ደጃቸው ላይ ሣርና ዛፍ ያላቸው፣ ጸጥ ያሉ ናቸው። እንዲህ ያለው ጸጥታ ሰውን ያሳርፋል፤ ሰውን ከሰውም ያራርቃል። ጠዋት መኪና ይነሣል፣ ማታ መኪና ይገባል፤ በመሐል ያለው መንገድ የሁሉም ተብሎ የማንም ሳይሆን ይውላል።

በዚህ ሰፈር 9ኛ ጎዳናና ሸሬት መንገድ የሚቋረጡበት መስቀለኛ ቦታ አለ። በ1996 የአካባቢው ሰዎች እዚያ ላይ ቀለም ይዘው ወጡ። ዛሬ ቦታው ሼር ኢት ስኩዌር (“ተካፈሉት አደባባይ” እንደማለት ነው) በሚል ስም ይታወቃል፤ የከተማ ፕላን ተማሪዎችና የሌሎች ሰፈሮች ኮሚቴዎች ከሩቅ መጥተው ይጎበኙታል። አስፋልት ላይ የተቀባ ትልቅ ደማቅ ሥዕል፣ በየማዕዘኑም ነዋሪው በእጁ የሠራቸው ትንንሽ ነገሮች ያያሉ፤ ፎቶግራፍ አንሥተው ይመለሳሉ። ፎቶግራፉ የማያሳየው ግን ሥዕሉን ለማግኘት ምን ያህል ደጅ እንደተጠናና ሲደበዝዝ ብሩሽ ይዞ የሚመለሰው ማን እንደሆነ ነው። ጉዳዩን መርምሬ የደረስኩበት ድምዳሜ፣ የሴልውድን ሰዎች ጎረቤት ያደረጋቸው ይህ የማይታየው ልፋት ነው የሚል ነው። የሚከተለውም ይህን ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

አደባባይ ያልተተወለት ሰፈር

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1785 ባወጣው የመሬት ድንጋጌ ሰፊውን የምዕራብ ምድር እያንዳንዱ ጎናቸው ስድስት ማይል፣ ማለትም ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሆነ አራት ማዕዘኖች እንዲቀየስ አዘዘ። ቅየሳው ለሽያጭ የተመቸ ነበር፤ ገዢው ቦታውን ሳያይ በካርታ ላይ ቁጥር ጠቅሶ ሊገዛ ይችላል። በየአራት ማዕዘኑ ውስጥ ለትምህርት ቤት ጥቅም የሚውል አንድ ቁራሽ መሬት ተለይቶ ተቀመጠ። ሰዎች ያለ ጉዳይ ቆመው የሚያወሩበት ቦታ ግን አልተለየም። በኋላ በየከተማው የተዘረጉት ቀጥ ያሉ መንገዶችም ይህንኑ አሳብ ወረሱ፦ የሚሸጥ ቦታ አለ፣ የሚያልፉበት መንገድ አለ፣ በቃ።

ይህን ታሪክ ለጉዳዩ ማብራሪያ አድርጎ የሚያቀርበው የሴልውዱ ነዋሪ አርክቴክቱ ማርክ ላክማን ነው። አባቱ በፖርትላንድ ማዘጋጃ ቤት የከተማ ንድፍ ክፍልን ያቋቋሙ ባለሙያ ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ የጣሊያንን አደባባዮች ያጠኑ አርክቴክት ናቸው። ላክማን በግል ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ከነበረበት ሥራ ወጥቶ ለዓመታት ተዘዋወረ፤ በደቡብ ሜክሲኮ ደን ውስጥ ከሚኖሩት የላካንዶን ማያ ሕዝቦችም ጋር ተቀመጠ። በዚያ የመንደሩ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ጭምር መሆኑን አየ። ወደ ሰፈሩ ሲመለስ መንገዶቹ እዚያም ይገናኛሉ፤ ሰዎቹ ግን አይገናኙም።

ነገሩን ሁሉ በቅየሳ ማሳበብ ለእኔ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። አደባባይ ባለበት ከተማም ጎረቤቱን የማያውቅ ሞልቷል። ቢሆንም አንድ እውነት አለው፦ ሰው ከሰው ጋር ለመተዋወቅ መቆም አለበት፣ ለመቆም ደግሞ ሰበብና ቦታ ያስፈልገዋል። ከቤቱ በር እስከ መኪናው በር ድረስ ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ሰኞ ማታ

ጉዳዩን የሚተርኩ ብዙዎች ከቀለሙ ይጀምራሉ። ሥራው የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ በሻይ ነው። በ1996 ላክማንና ጓደኞቹ በቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ከተጣለ እንጨት፣ ከአሮጌ መስኮትና ከፕላስቲክ አንድ የሻይ ማረፊያ ሠሩ። ሰኞ ሰኞ ማታ በሩ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፍት ነበር። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ ወሬው ከሰው ሰው ሲዛመት ግቢው ሰው አልችል አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ዋና ብልሃት ያለው እዚህ ይመስለኛልና። ጎረቤትን ቤት መጥራት ከባድ ነገር ነው። ጠሪው ቤቱን ማስተካከል አለበት፣ ማንን ጠርቶ ማንን እንደሚተው ማሰብ አለበት። ተጠሪው ደግሞ ብድር ይገባበታል፤ ነገ እሱም መጥራት ሊኖርበት ነው። ሁለቱም ይህን እያሰቡ ዓመታት ያልፋሉ። የሰኞው ሻይ ይህን ሁሉ አስቀረ። ቀኑ የታወቀ ስለሆነ መጥራት አያስፈልግም። በሩ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ የተዘለለ ሰው የለም። የቀረ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም፣ የመጣም አይመሰገንም፤ ከፈለገ ጽዋውን ጨርሶ ይሄዳል። ዓይን አፋር ሰው ደግሞ ሦስት ሳምንት ከአጥሩ ውጭ ሲያልፍ ሰምቶ፣ በአራተኛው ገባ ሊል ይችላል፤ ቀኑ አያመልጠውም፣ ሌላ ሰኞ ይመጣል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ትልቅ የሰፈር በዓል ለእንዲህ ያለው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

ማዘጋጃ ቤቱ ማረፊያው ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ ነው ብሎ እንዲፈርስ አዘዘ፤ ፈረሰም። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። ጎረቤቶቹ ግን በዚያን ጊዜ በስም ይተዋወቁ ነበር፤ የማረፊያው መፍረስም የጋራ ቅሬታ ሰጣቸው። ሰው በጋራ ከሚደሰትበት ይልቅ በጋራ በሚቆጭበት ነገር ቶሎ ይቀራረባል ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ከዚያ በኋላ አንድ አሮጌ ፒክአፕ መኪና ላይ እንደ ቢራቢሮ የሚዘረጉ የፕላስቲክ ክንፎች ገጥመው፣ ሻዩን ጭነው፣ በሌሎች ሰፈሮችና በመናፈሻዎች ማዞር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሲቲ ሪፔር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተመሠረተ። የሸሬት መንገድ ሰዎችም ዓይናቸውን ከግቢው አንሥተው ወደ መንገዱ መለሱ።

የሕዝብ ስለሆነ ማንም አይነካውም

መንገዱን ለሰፈር ድግስ ብለው ዘጉትና መስቀለኛው ላይ ቀለም ቀቡ። በማዕዘኖቹ ላይም ነገሮች አቆሙ፦ በአንደኛው ቀንም ሌሊትም የሚሠራ የሻይ መቆሚያ፣ ፔርሙዝና ኩባያ ያለበት፤ በሌላው የልጆች መጫወቻ ቤት፤ በሌላው መጽሐፍ ወስደው መጽሐፍ የሚተዉበት ሣጥን፤ በሌላው ሰው የፈለገውን የሚጽፍበት ሰሌዳ።

የመንገድ ጉዳይ የሚመለከተው የከተማው ቢሮ ተቃወመ፤ ቅጣትም እንደሚከተል አስጠነቀቀ። ላክማን በየመድረኩ ደጋግሞ እንደሚተርከው፣ የባለሥልጣኑ መልስ ቦታው የሕዝብ ስለሆነ ማንም ሊጠቀምበት አይችልም የሚል ነበር። ታሪኩ ሲነገር ሁሌም ሰው ያስቃል። እኔ ግን ለዚያ ሠራተኛ ጥቂት አዝናለሁ። መንገድ ላይ ልጅ ቢገጭ ተጠያቂው የሱ ቢሮ ነው። አሽከርካሪ ምልክት መስሎት ቢሳሳት፣ ቀለሙ ዝናብ ሲነካው ቢያንሸራትት፣ ነገ ሌላው ሰፈር መጥቶ “እኛስ?” ቢል መልስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ፖርትላንድ ዝናብ የማይለየው ከተማ መሆኑንም አይርሱ። የቢሮው ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ ያሸነፉትም ስጋቱን በማጣጣል አይደለም።

ያሸነፉት ማስረጃ ሰብስበው ወደ ከተማው ምክር ቤት በመሄድ ነው። የአካባቢውን ነዋሪ መጠይቅ አስሞልተው፣ ከሥዕሉ ወዲህ ሰው እርስ በርሱ መነጋገር እንደጀመረ፣ መኪኖችም ቀስ ብለው እንደሚያልፉ፣ ወንጀልም እንደቀነሰ የሚሰማቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን አቀረቡ። ይህ የነዋሪዎች ስሜት እንጂ የፖሊስ መዝገብ አይደለም፤ ልዩነቱን መርሳት አይገባም። ለምክር ቤቱ ግን ከተማው በወረቀት ላይ ለመኖር የተመቸ ሰፈር ሲል የጻፈው ግብ ያለ ምንም በጀት ተፈጽሞ ሲታይ እምቢ ማለት ከበደው። መጀመሪያ ለዚህ አንድ መስቀለኛ ቦታ ብቻ ፈቃድ ተሰጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ደንቡ ለከተማው ሰፈሮች ሁሉ ተከፈተ።

ሰማንያ ከመቶ

ያ ደንብ ገደብ ነበረው። መንገዱ የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ በቀን ከ2,500 ያነሰ መኪና የሚያልፍበት መሆን ነበረበት። ወጪውና ጥገናው የነዋሪው ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሁለት ብሎክ ርቀት ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች ቢያንስ 80 በመቶው በፊርማ መስማማት ነበረባቸው።

ይህ የፊርማ ግዴታ የወጣው ከተማው ራሱን ከነገ አቤቱታ ለመጠበቅ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ውጤቱ ግን ከታሰበው በላይ ሆነ። ሰማንያ ከመቶ ለማግኘት ከወዳጅ በር ብቻ ማንኳኳት አይበቃም። ውሻው የሚጮህበትን፣ የመኪና ማቆሚያ ተሻምተው የተኳረፉትን፣ ስንት ዓመት ሙሉ እጅ ብቻ እያወዛወዙ ያለፉትን ሰው በር ማንኳኳት ግድ ነው። ያውም ጥያቄ ይዞ። ፊርማ ለማኝ ሰው ትሑት ነው፤ ከላይ ሆኖ ሊያስተምር አይችልም። በሩን የከፈተውም ሰው መኪናዬን የት ላቁም፣ ልጆች መንገዱን ሜዳ አድርገው ቢቆጥሩትስ፣ ሌሊት ሰው ተሰብስቦ ይረብሸን ይሆን፣ ማን ያጸዳዋል እያለ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። መልሱ ሲፈለግ ንድፉ ይለወጣል፤ ንድፉ ሲለወጥ ጠያቂው ከተቃዋሚነት ወደ ባለቤትነት ይሸጋገራል። ቀለሙ ጠብ ሳይል፣ ሰፈሩ ቀድሞ ተነጋግሯል ማለት ነው።

ከተማው ገንዘብ መድቦ፣ ተቋራጭ ልኮ፣ ተመሳሳይ ሥዕል በአንድ ሌሊት ቢያስቀባ ኖሮ መንገዱ ያምር ነበር። ማንም ግን የማንንም በር ባላንኳኳ።

ሁለተኛው ነገር ቀለሙ ራሱ ነው። አስፋልት ላይ የተቀባ ቀለም በጎማና በዝናብ ይላጣል፤ ቆይቶ ገሚሱ ይጠፋል። መሐንዲስ ቢጠየቅ ይህ ጉድለት ነው፣ ድንጋይ አንጥፉበት ይል ይሆናል። ድንጋይ ቢነጠፍበት ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሠርተው ይጨርሱትና ኋላ የመጣው ጎረቤት ለመመልከት ብቻ ይቀራል። ቀለሙ ስለሚላጥ ሰፈሩ በየጊዜው መንገዱን ዘግቶ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዞ እንደገና መውጣት አለበት፤ ባለፈው ወር የገባ ተከራይም በእጁ ብሩሽ ይሰጠዋል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጠርዝ እያስተካከለ፣ ጎኑ ካለው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራው ወሬ ቆሞ ፊት ለፊት ከሚያወራው ይቀላል፤ እጁ ሥራ ስላለው ዝምታው አያስጨንቀውም። ለእኛ አንባቢ እድርን ማሰብ ይበቃል፤ እድር የሚቆመው በየወሩ መዋጮና መገናኘት ስላለበት እንጂ አንድ ጊዜ በተጻፈ ደንብ አይደለም።

ቺካጎን ያጠናው ተመራማሪ

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ወሬ ብቻ ነው ወይስ የሚለካ ነገር አለው? እዚህ ላይ የጤና ተመራማሪው የያን ሰመንዛ ስም ይነሣል። በሐምሌ 1995 በቺካጎ ከተማ ከባድ የሙቀት ማዕበል ወርዶ ከ700 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር። ሰመንዛና ባልደረቦቹ 339 ሟቾችን በሕይወት ከተረፉ 339 የአካባቢያቸው ሰዎች ጋር አነጻጽረው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው መትረፉ አላስደነቀም። ትኩረት የሚስበው ሌላው ነው፦ ብቻውን የሚኖርና በየቀኑ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ለሞት የበለጠ ተጋልጧል፤ በአካባቢው ወዳጆች ያሉት ደግሞ የተሻለ ተርፏል። በሩን የሚያንኳኳለት ሰው መኖሩ የሕይወት ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ተረት በአሐዝ ያስቀመጠ ጥናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰመንዛ ኋላ በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ የከተማው የተቀቡ መስቀለኛ መንገዶች ትኩረቱን ሳቡት። በ2001 ሰኒሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ የሸሬትን ምሳሌ ተከትሎ፣ ትልቅ የሱፍ አበባ የተሣለበት አደባባይ ተሠርቶ ነበር። በ2003 ያወጣው ጥናት በዚያ ዙሪያ የሚኖሩትን ሥዕል ከሌለው ተመሳሳይ ሰፈር ነዋሪዎች ጋር ያነጻጽራል። ሰፈራቸውን ለመኖር እጅግ ጥሩ ቦታ ነው ያሉት በሰኒሳይድ 65 በመቶ፣ በሌላው 35 በመቶ ነበሩ። አጠቃላይ ጤናቸው በጣም ጥሩ ወይም ከዚያ በላይ ነው ያሉትም 86 በመቶ እና 70 በመቶ ናቸው።

አሐዙ ያጓጓል፤ ቢሆንም ሁለት ሰፈሮችን በአንድ ወቅት ማነጻጸር መንስኤን አያረጋግጥም። ምናልባት ሰኒሳይዶች ቀድሞውንም ደስተኞች ስለነበሩ ይሆናል አደባባዩን የሠሩት። በ2007 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት ሦስት ቦታዎችን ከሥራው በፊትና በኋላ ተመልክቷል፤ በሰፈር የመተሳሰር ስሜት ከፍ ማለቱን፣ የድብርት ስሜትም መቀነሱን አግኝቷል። ይህኛው የበለጠ ያሳምናል። እሱም ቢሆን ሰዎች ስለ ራሳቸው በሰጡት ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ከፍ ያለውን መሻሻል ያመጣው ሥዕሉ ይሁን ለሥዕሉ ሲባል የተደረገው ልፋት ለይቶ አይነግረንም። የእኔ ግምት ከላይ ተነግሯል።

የማይበቃበት ቦታ

ከ2002 ጀምሮ ሲቲ ሪፔር በየዓመቱ በጸደይ ወራት ለአሥር ቀን ያህል በከተማው ልዩ ልዩ ቦታዎች የጋራ ሥራ ያዘጋጃል፤ መንገድ ይቀባል፣ የጭቃ ወንበር ይሠራል፣ አትክልት ይተከላል። አሳቡ ከፖርትላንድ አልፎ ሌሎች ከተሞችም ደርሷል። ከተላለፈው ውስጥ ግን በቀላሉ የሚቀዳው ቀለሙ ነው። ሠዓሊ ቀጥሮ አስፋልት የሚያስውብ ከተማ ሥዕል ያገኛል፤ የሸሬትን ጉዳይ ደገምኩ ቢል ግን አልስማማም።

ሌላው ጥያቄ ጊዜ ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ቅዳሜን ሙሉ በብሩሽ ማሳለፍ፣ ምክር ቤት ቀርቦ መናገር፣ ማታ ማታ በር ማንኳኳት ትርፍ ጊዜና የመናገር ልምድ ይጠይቃል። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር የሚለቅ፣ ቋንቋው ገና ያልተፈታለት ነዋሪ ለዚህ ሁሉ አይመቸውም። የሻይ መቆሚያውም ቢሆን ውሃውን የሚያፈላ ሰው ይፈልጋል። ፔርሙዙ ባዶ ሆኖ የሚውልበት ቀን ሲበዛ መቆሚያው ካለመኖሩ የባሰ ነው፤ ሰፈሩ አንድ ጊዜ ሞክሮ እንደተወ ለአላፊው ሁሉ ይናገራልና። ይህን ሸክም አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲሸከመው ከርሞ ሲደክመው ነገሩ ይቆማል። ስለዚህ ሥራው ገና ሲጠነሰስ ተራ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሳምንቱ የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ስም ሰፍሮ።

ያልፈረመውስ ሃያ ከመቶ? ሥራው ያለ እነሱ ፊርማ ሊቀጥል ይችላል፤ ያልፈረመው ሰው ግን ነገም እዚያው ይኖራል፣ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው ያልወደደውን ሥዕል ነው። ቁጥሩ ሞልቷል ብሎ እሱን ማለፍ በሕግ ያስኬዳል፤ በጉርብትና ግን ሥራው የተጀመረበትን ምክንያት ያፈርሳል። ፊርማ ለማኙ ሰማንያው ከሞላ በኋላም ወደዚያ በር ተመልሶ፣ ወረቀቱን ሳይዝ፣ ምን እንደከፋው መስማት አለበት። አንዳንዱ ከቀለሙ ይልቅ ሳይጠየቅ መወሰኑ ነው የሚከፋው።

ይህን ጉዳይ አይቶ በራሱ ሰፈር መሞከር ለሚፈልግ ሰው፣ ከሥዕል ንድፍና ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንዳይጀምር እመክራለሁ። የሸሬት ሰዎች ምክር ቤት ሲቀርቡ ብዙ የሰኞ ማታዎችን አብረው አሳልፈዋል። አንድ ግቢ፣ አንድ የማይለወጥ ቀን፣ ዝናብም ቢሆን የማይዘጋ በር፤ አንድ ወቅት እንዲህ ካለፈ በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው ስለ መንገዱ ማውራት ይጀምሩ ይሆናል። ቀለም የመግዛት ጥያቄ ያን ጊዜ ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል።